ወይዘሪት ሎርና ትቬት እና የደላላው ምርጫ

ወንድማቸው አቶ ኖርማን ትቬት የእኅታቸው ታሪክ ከመቃብር በፊት በዚህች ቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ስለ ጠየቁ፣ ከእርሳቸው አንደበት፣ አብረዋቸው ከሠሩ ሰዎች፣ እንዲሁም ከወይዘሪት ሎርና ጎን ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ስድስት ዓመት ወረቀት ስታስተካክል ከኖረችው ከዚህች አንባቢ ትዝታ ተሰብስቦ ይህ ተጽፏል፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ግን ስለ እርሳቸው ሁለት ነገር ተናገር ቢባል ሁለተኛው የሚቸግረው ሰው ስለ ነበሩ፣ የጎደለውን እግዚአብሔር ይሙላው፣ እናንተም ታገሡን።

ወይዘሪት ሎርና ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫር ትቬትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶልቬግ ሩድ፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት፣ በረዶ መንገዱን ዘግቶት ሐኪሙ በመንገድ ጠራጊ ትራክተር ላይ ተቀምጠው በደረሱበት የካቲት ወር፣ ከከተማችን ከቬስተር ሌክ በስተሰሜን ባለው የወተት ላሞች እርሻ ተወለዱ። ወንድማቸውን በሰባት ዓመት ይበልጡ ስለ ነበር፣ አቶ ኖርማን እንደሚሉት፣ ጫማ ማሠርም ላም ማለብም ያስተማሯቸው እርሳቸው ናቸው። ወይዘሪት ሎርና አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸውን ሦስት ቀን ሆዳቸውን አመማቸው፤ ሐኪም ይጠራ ሲባሉ መጀመሪያ ሣሩ ይግባ፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሆዱን በገዛ እጁ ይዞ ነው የሚድነው እያሉ ይቀልዱ ነበርና፣ ሣሩ በገባ ማግስት ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ዐረፉ። ወይዘሪት ሎርና ይህን ታሪክ ለወንድማቸው እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገሩት፤ ሲነግሯቸውም ቀልዱን አልዘለሉትም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን አጠናቀው፣ ኦ ክሌር ከተማ ሄደው የጽሕፈትና የመዝገብ ሥራ ለአንድ ዓመት ተማሩ። ሁለተኛውን ዓመት ሊቀጥሉ ተመዝግበው ሳለ፣ እናታቸው ብቻቸውን ከብቶቹን መያዝ ስላቃታቸው ተመልሰው መጡ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። በሃያ ዓመታቸው በስቶልፕ የቆዳ ጓንት ፋብሪካ በታይፒስትነት ተቀጥረው፣ እስከ ጡረታቸው ድረስ አርባ ሰባት ዓመት በአንድ ቢሮ፣ በአንድ መስኮት፣ የመኪና ማቆሚያውን እያዩ ሠሩ። እናታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አስታመው ቀበሩ። ትዳር አልያዙም፤ ለምን እንዳልያዙ የጠየቃቸው ሰው የለም፣ ቢጠየቁም የሚመልሱ አይመስለንም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆናቸው፣ የሠራተኛውን የጤና ኢንሹራንስና የሌላውንም ጥቅማ ጥቅም ወረቀት የያዙት ሰው ጡረታ ወጡና ሥራው በእርሳቸው እጅ ወደቀ። ይህ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቅጽ መሙላት ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን የዘጠና አራት ሰው ገመና ነው። ማን ደሙ እንደ ተበላሸ፣ የትኛዋ ሰፊ ስንት ጊዜ ፅንስ እንዳስወረዳት፣ የትኛው ቆዳ ቆራጭ ሽርሽር ሄድኩ ብሎ መጠጥ ሊያቆም ሆስፒታል እንደ ተኛ፣ ወረቀቱ ሁሉ በእርሳቸው ጠረጴዛ ያልፍ ነበር። እርሳቸውም ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ አፍ ከሚፈታበት ቦታ ሁሉ ራሳቸውን አራቁ፤ መጀመሪያ የካርታ ጨዋታውን ተዉ፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ማኅበር፣ በመጨረሻም ከተማው ሁሉ ዓርብ ማታ የተጠበሰ ዓሣ በሚበላበት ምግብ ቤት ከሰው ጋር መቀመጣቸውን ትተው ዓሣቸውን በወረቀት አስጠቅልለው ወደ ቤት መውሰድ ጀመሩ። ሰው ኩሩ ናቸው አለ። ኩራት አልነበረም፤ ከአንድ ሰው ጋር ቁጭ ብለው ሲስቁ፣ ያ ሰው ራሱ ገና ያልሰማውን የገዛ ሚስቱን የምርመራ ውጤት እያወቁ መሳቅ ስላቃታቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ሳይጠነቀቁ የሚያወሩት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም የፋብሪካው የኢንሹራንስ ደላላ አቶ ኦልደን ፍሪስ ናቸው። ደላላ ማለት በፋብሪካውና በኢንሹራንስ ኩባንያው መካከል ቆሞ የሚያዋውል፣ ሠራተኛ ሲታመምና ኩባንያው አልከፍልም ሲል ደግሞ ይከራከራል ተብሎ የሚታሰብ ሰው ነውና፣ ወይዘሪት ሎርና የሚያውቁትን ሁሉ በሥራቸው ምክንያት አቶ ኦልደንም ያውቁት ነበር። ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውም ርቀው ስለ ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው ምሳቸውን በወይዘሪት ሎርና ቢሮ ይበሉ ነበር፤ ወይዘሪት ሎርና የእንቁላል ሳንድዊች፣ አቶ ኦልደን በጭስ ያበሰሉትን ዓሣ እየያዙ። በሩ ይዘጋና አንዳንዴ ሳቅ ይሰማል። የወይዘሪት ሎርናን ሳቅ የሰማ ሰው ቢኖር ሐሙስ ቀን በኮሪደሩ ያለፈ ሰው ነው። ይህ ሃያ ሁለት ዓመት ዘለቀ።

አቶ ኦልደን በከተማው የተወደዱ ሰው ናቸው፤ ይህን እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። የሶፍትቦል ቡድናችንን ማሊያ ያለበሱ፣ በየዓመቱ የኢንሹራንስ ምዝገባ ቀን ስምንት ካርቶን ዶናት ይዘው የሚመጡ፣ ሠራተኛው በቆዳ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲፈርም በስሙ እየጠሩ የሚቀልዱ ሰው ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሟቹ የትልቁ አቶ ስቶልፕ የአደን ጓደኛ ነበሩ፤ ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ጎጆ አጋዘን ለማደን ያደረን ሰው፣ ዋጋህ ስንት ነው፣ ሌላም ጠይቀህልን ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ በእኛ አገር ነውር ነው። የፋብሪካው የኢንሹራንስ ውል የሚታደሰው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ አደኑ በተዘጋ ሰሞን ስለ ሆነ፣ ወረቀቱ በየዓመቱ የሚፈረመው በአደን ጎጆው ውስጥ፣ በምድጃው አጠገብ፣ ጡብ ያህል ውፍረት ያለው የውሉ መዝገብ ሳይገለጥ ነበር። አባት እንዲህ ፈረሙ፤ ልጅየው አቶ ግሬደን ስቶልፕም ፋብሪካውን ሲረከቡ እንዲሁ ፈረሙ። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ኩባንያ አልተጠየቀም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በዚያው ጎጆ የተፈረመው ውል፣ ኩባንያው የሚከፍልባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ለውጦ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን አልነበረም። ከዚህ በኋላ ያለውን የምናነበው በባለታሪኳ ፈቃድ ነው። ወይዘሮ ኮርሊስ ባር፣ የአውራ ጣት ስፌት ላይ ከእርሳቸው የሚበልጥ እጅ በፋብሪካው ያልነበረ፣ መገጣጠሚያን የሚያደርቅ ሕመም ነበረባቸውና በየስምንት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይዟቸው ኖሯል፤ ማንም አያውቅም ነበር። በታኅሣሥ ኩባንያው ይህን መድኃኒት አልከፍልም ብሎ ጻፈ። ወይዘሪት ሎርና ደብዳቤውን ይዘው ሐሙስ ለአቶ ኦልደን ሰጧቸው፤ አቶ ኦልደንም አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ነገ እደውልላቸዋለሁ አሉ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠየቋቸው፤ ነገ አሉ። ገና አለፈ፣ አዲስ ዓመት አለፈ፤ ሰባት ሐሙስ ጠየቁ፣ ሰባት ነገ ተሰጣቸው። በየካቲት አንድ ቀን ወይዘሮ ኮርሊስ ወደ ቢሮው ገብተው ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ጣቶቹ ተሰብስበው ቀርተው ነበር። ወይዘሪት ሎርና በሩን ዘጉ። ሲከፈት ሁለቱም እንባቸውን ጠርገው ነበር።

በዚያው ሳምንት አቶ ግሬደን ዘንድ ገብተው ፋብሪካው ሌሎችም ደላሎች እንዲያይ ጠየቁ። አቶ ግሬደን ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ከአባታቸው ጥላ ያልወጡ ነበሩ፤ እርሳቸውም ይህን ሲነበብ ሰምተው ተውት፣ እውነት ነው ብለዋል። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ “ሎርና፣ አንቺ ምረጪ፤ የመረጥሽውን እፈርማለሁ። እኔ ግን የአባቴን የአደን ጓደኛ ከደጄ አልመልስም” አሉ። እንግዲህ መመለሱ ለማን እንደ ቀረ ግልጽ ነው።

ወይዘሪት ሎርና አራት ጥያቄ በእጃቸው ጻፉ፤ ይህች አንባቢ ናት ያባዛችው። የሚከፍልህ ማን ነው፣ እኛ የምንከፍለው ሲጨምር ያንተስ ይጨምራል ወይ? ባለፈው ዓመት ስንት ኩባንያ ጠየቅህልን፣ መልሳቸው የት አለ? ሠራተኛ ሲከለከል ስልክ የሚያነሣው ማን ነው፣ ስሙን ጻፍልን። አራተኛው፣ ጥሎህ የሄደ ደንበኛ ስም ስጠንና እንደውልለት። ሦስት የደላላ ድርጅት ጠሩ፤ ሁሉንም በየተራ በአንድ ቦታ አስቀምጠው፣ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ጠየቁ።

ከሚልዋኪ የመጡት ሁለት ጎልማሶች በስክሪን የሚታይ ሥዕል ይዘው መጥተው፣ ስለ ሁሉም ነገር በደንብ ተናገሩ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን የሰው ስም ሳይሆን የአንድ ክፍል ስም ጻፉ። ከኦ ክሌር የመጡት ወይዘሮ ጁዲት ኦያላ፣ ከአንዲት ረዳታቸው ጋር ሁለት ሆነው የሚሠሩ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው አራተኛው ላይ ሲደርሱ የአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ስልክ ሰጡ፤ ሕፃን በተወለደ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ ኢንሹራንሱ እንደማይቀበለው እያወቁ፣ የዚያን ቤት የአንድ ሠራተኛ ሕፃን ረስተው ነበር። ወይዘሪት ሎርና ደወሉ። የእንጨት መሰንጠቂያው ሰውዬ፣ ጥፋቷን የነገረችን ራሷ ናት፣ ባትነግረን አናውቅም ነበር፣ ተናደን ለቀቅናት፣ አሁን የያዝነው ደግሞ አጥፍቶም አይነግረንም አሉ።

አቶ ኦልደን የመጡት ሐሙስ ቀን ነው፤ ዓሣቸውንም ይዘው። ወይዘሪት ሎርና ሳንድዊቻቸውን አላወጡም። በሩን ክፍት ተዉት፤ ለሌሎቹም ክፍት ስለ ነበር። አቶ ኦልደን ወረቀቱን አንብበው ሳቁ፣ ከዚያ የወይዘሪት ሎርናን ፊት አይተው ሳቃቸውን አቆሙ። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እውነቱን ተናገሩ፤ ፋብሪካው ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው አረቦን በየዓመቱ ሲያድግ የእርሳቸው ድርሻም አብሮ ያድግ ነበር። በሁለተኛው ላይ የሚያሳዩት ደብዳቤ አልነበራቸውም። ሦስተኛውን ትተው ቀና አሉ።

“ሎርና፣ እኔንም እንደ ሌላው ሰው ነው የምትጠይቂኝ?”

“ስለ ሌላው ሰው ነው የምጠይቅህ” አሉ ወይዘሪት ሎርና።

አቶ ኦልደን ስለ አራተኛው ጥሎኝ የሄደ ሰው የለም ብለው ተነሡ፤ ኮሪደሩ ላይ ደርሰው አንድ ጊዜ ዞር ብለው ሄዱ። ወይዘሪት ሎርና በሩ እንደ ተከፈተ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ ሰባት ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ ታይፑን ስበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ፋብሪካውን የሚወክለው ደላላ ወይዘሮ ጁዲት ኦያላ ናቸው የምትለዋን አንድ መስመር ደብዳቤ ራሳቸው ጻፏት፤ አቶ ግሬደንም ፈረሙ። ወይዘሮ ጁዲት በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ የወይዘሮ ኮርሊስን መድኃኒት አስመለሱ። ግራው እጅ ዳነ። ቀኙ እንደ ቀረ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እኛ የዚህ ከተማ ሰዎች ሁላችን እናውቀዋለን፤ ያደረግነው እኛ ነንና። ማሊያ ያለበሱን፣ ዶናት ያበሉን ሰው በአንዲት ደረቅ ሴት ተባረሩ ተባለ። ወይዘሪት ሎርናን ሰላምታ የነሷቸው ነበሩ። አንድ ዓርብ ዓሣቸውን ሊወስዱ ምግብ ቤቱ ሲገቡ፣ የቆረጣ ክፍሉ አለቃ ሃርላን ከነጓደኞቹ ተቀምጦ፣ “ሚስ ሎርና፣ ዛሬ ሐሙስ አይደለም፤ ደግሞ ማንን ልታባርሪ መጣሽ?” ሲል ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የአንድ ሴት ስም ቢጠሩ ያ ሳቅ ሁሉ ይቆም ነበር። እኚያ ሴትም ሁለት ጠረጴዛ አልፈው ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ይዘው ተቀምጠው ነበር። ወይዘሪት ሎርና ጥቅላቸውን ተቀብለው፣ መልካም ምሽት ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ዓሣውን ከከተማው ወዲያ ካለው ነዳጅ ማደያ ነበር የሚገዙት።

ሐሙስ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ላይ በራቸውን መዝጋት አልተዉም። ይህች አንባቢ ከጎን ያለችው ጠረጴዛ ላይ ሆና የምትሰማው የወረቀት ድምፅ ነበር፤ ሳንድዊቹን ሲፈቱ፣ ወረቀቱንም መልሰው ሲያጥፉ። አንድ ቀን ገብቼ አብሬ ልብላ ብላ ደፍራ ጠይቃቸው ነበር። ቦታ ሰጧት፣ ስለ ልጇ ጠየቋት፣ ጥሩ አድርገው አስተናገዷት፤ ግን የሚያውቁት ሁሉ ስለ ሰው ስለ ነበርና ስለ ሰው መናገር ስለማይችሉ፣ ስለ በረዶው አውርተው ጨረሱ። ሌላውን ሐሙስ ሁሉ ለአምስት ዓመት ብቻቸውን በሉ፤ ከዚያ ጡረታ ወጡ። በስንብቱ ቀን ኬክ ተቆረጠ፤ ኬኩ ላይ ስማቸው በአንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፎ ነበር። እርሳቸው በሥራው ላይ እስካሉ ድረስ ግን ወይዘሮ ጁዲት በየዓመቱ በመስከረም የአምስት ኩባንያ መልስ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ውሉም በጠራራ ፀሐይ፣ ገጽ በገጽ ተነቦ ይፈረም ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ባለፈው የበጋ መጨረሻ ታመሙ። ምን እንደ ታመሙ እዚህ አይነበብም፤ የማንንም ሕመም ያልተናገሩ ሰው የራሳቸውም እንዲነገር አልፈቀዱም፣ ወንድማቸውም ቃላቸውን ጠብቀዋል። በሐይቁ ዳር ባለው የሕሙማን ቤት አራት ወር ሲቆዩ፣ ከዚህች አንባቢና ከወይዘሮ ኮርሊስ በቀር ብዙ ጠያቂ አልነበራቸውም። በኅዳር አንድ እሑድ አቶ ኦልደን መጥተው ነበር። ተኝተው ስላገኟቸው አልጋው አጠገብ ኮፍያቸውን ይዘው ጥቂት ቆመው ተመለሱ። ነርሷ ማታ ስትነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ “ቢቀሰቅሰኝ ምን ነበረበት” አሉ። አቶ ኦልደን ዳግመኛ አልመጡም። ወይዘሪት ሎርናም ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንድማቸው በመንገድ ላይ ሳሉ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ወይዘሮ ኮርሊስ ባርን ስለ እርሳቸው ያለው ይውጣ ወይ ብለን ጠይቀን ነበር፤ እጄን እንደሆነ ሁሉ የሚያየው ነው፣ ምክንያቱን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ አንብቡት አሉ። ከዚያ አቶ ኦልደን ፍሪስ ጋ ደወልን። ወረቀቱን በስልክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብንላቸው፤ ምንም እንዳይፋቅ ተናገሩ። “ደብዳቤውን ሰባት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። እሷ ልክ ነበረች፤ ይህን በእኔ ስም አንብቡልኝ” አሉ። ባሉት መሠረት በስማቸው ተነቧል። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ቃል ነው፤ መስማት የሚገባቸው ሰው እዚህ ሳጥኑ ውስጥ ናቸውና፣ የሰማነው እኛ ብቻ ነን።

ወይዘሪት ሎርና ትቬት ወንድማቸውን አቶ ኖርማንን፣ የወንድማቸውን ሚስት ወይዘሮ ጊነትን፣ ሁለት የወንድም ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ ሌላ በዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ፣ መድኃኒታችሁ የተመለሰላችሁ፣ ልጃችሁ በሠላሳ ቀኑ የተመዘገበላችሁ፣ የታመማችሁበትን ቀን ጎረቤት ሳያውቅ የዳናችሁ ብዙ ናችሁ። ስማችሁ ቢጠራ እርሳቸው አርባ ዓመት ያህል ብቻቸውን የተሸከሙት ምሥጢር ይፈታልና አንጠራም፤ እያንዳንዱ የራሱን ስም በልቡ ይጥራ።

የሰውን ሁሉ ጓዳ እያወቀ ለማንም የማይናገር እግዚአብሔር፣ እንደ እርሱ ያደረጉትን እኚህን ሴት ከእንግዲህ ብቻቸውን አያስቀምጣቸው፤ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ማዕድ ያቅርብልን፣ አሜን።